ጆሮ እና እሺ ባይዋ ምስክር

በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም ሰው «ጆሮ» ይላታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን ቅጽል ስም ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አልናገርም። የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ብትሆን ግድ አልነበረኝም፤ ግን የሚስቴ ታላቅ እህት ናት፣ እኔም የቤቴን ሰላም እፈልገዋለሁ።

ከችሎቱ አዳራሽ አንድ ኮሪደር ራቅ ብላ የምትገኝ ትንሽ ክፍል አለች። ሁለት አጫጭር ወንበሮች፣ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ክዳናቸው የጠፋ ማርከሮች፣ ነጭ ወረቀት፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ካሜራ። ለምስክርነት የተጠሩ ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ተከሳሹን አያዩም፤ ካባ የለበሰ ሰውም አያዩም። ዳኛዋ፣ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው ጥያቄያቸውን ከችሎት ሆነው ይናገራሉ፣ ጆሮ በማዳመጫ ትሰማለች፣ ከዚያ ልጅ በሚገባው ቋንቋ አድርጋ ትጠይቃለች። ልጁ ሲመልስ ችሎቱ በስክሪን ያየዋል። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሃል፣ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ድምፁንና ምስሉን እቆጣጠራለሁ። ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ። አስተያየቴን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ጆሮ ወደዚህ ሥራ የመጣችው ከመዋዕለ ሕፃናት ነው። አንድ ተማሪዋ ለምስክርነት ተጠርቶ «ቲቸር ካልመጣች አልናገርም» ብሎ ድርቅ አለ። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሱም ተናገረ። ፍርድ ቤቱ «እስኪ ለነገም ነይ» አላት። ያ ነገ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሥራዋ ጥቂት ክልክሎች አሉት፤ ክልክሎቹን ቤቷም ይዛቸው መግባቷ ነው ችግሩ። ጥያቄ በ«አይደል?» አይጨረስም፤ ልጁ የሚፈለግበትን መልስ ያውቃልና። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፤ ልጁ የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር ብሎ ይቀይረዋል። ልጅ ሲመልስ «ጎበዝ» አይባልም፤ ጎበዝ ያሰኘውን ዓይነት መልስ መደርደር ይጀምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምታን መሙላት አይፈቀድም፤ ይጠበቃል። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ሲጨቃጨቅ ውሎ ይገባል። እሷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እንዴት ዋልክ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ትልና ዝም ብላ ታየዋለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ራት ልበላ ነው የመጣሁት ወይስ ቃሌን ልሰጥ?» ይላታል። ቢሆንም ይነግራታል። ሁሉም ሰው ይነግራታል። የእኔ ሴት ልጅ ብርጭቆ ሰብራ እኔና እናቷ በቁጣ ብንጠይቃት፣ ብንለምናት፣ ወይ ፍንክች! አክስቷ መጥታ «ስለ ብርጭቆው ንገሪኝ» ስትላት የብርጭቆውንም፣ የሣህኑንም፣ ከሰዓቴ የወለቀውን መስታወትም አንድ ባንድ ዘረገፈችው። ስለ ሰዓቱ ማን ጠየቀሽ?

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም የባሰችውን ምስክር ነው። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። በሚኖሩበት ሕንፃ፣ ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አሮጊት አሉ። እኒህ እማማ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጠገባቸው፣ ደማቸው ሸሚዙ ላይ ሆኖ የተገኘው አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ላይ «የሠራኸው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል» ብለው እማማ ሲጮኹበት፣ እሱም ሲመልስላቸው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እማማ ሐኪም ቤት ሆነው «ገፍትሮ የጣለኝ እሱ ነው» አሉ፤ ችሎትም ቀርበው ያንኑ ደገሙ። ደረጃው ላይ ቆማ የታየችው ልጅም ለፖሊስ «አዎ፣ እሱ ነው» ብላለች። በቃ፣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስል ነበር። ወጣቱ ከታሰረ ወራት አልፈዋል፤ ከተፈረደበት ደግሞ ወጣትነቱን እዚያው ይጨርሳል።

እናትየው ልጅቷን ጸጉሯን አበጥራ፣ ነጭ ካልሲ አድርጋላት አመጣቻት። «እትዬ፣ ስለዚህቺ ልጅ ምንም አያስቡ» አለቻት ለጆሮ፣ ኩራት ፊቷ ላይ እየታየ። «ትልቅ ሰው ያላትን ሁሉ እሺ ነው የምትለው። ከአፏ አይ የሚባል ነገር ወጥቶ አያውቅም።»

ጆሮ ፊቷ ዳመነ። እናትየው አላስተዋለችም እንጂ እኔ አስተዋልኩ።

ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ልጆቹን ታለማምዳቸዋለች። «ካላወቅሽ አላውቅም በይኝ። ከተሳሳትኩ ደግሞ ተሳስተሻል በይኝ። ተስማማን?»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

«አንቺ እንግዲህ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ ነሽ።»

ሌሎች ልጆች እዚህ ላይ ይስቃሉ። ሴት ነኝ ብለው የሚቆጡም አሉ። ይህቺ ግን በትሕትና ቀና ብላ አየቻትና «አዎ» አለች።

«አሁን የተቀመጥነው አውቶቡስ ውስጥ ነው።»

«አዎ።»

«ትናንት ምን እንደበላሁ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«ምን በላሁ?»

ልጅቷን ጨነቃት። አሰበች፣ አሰበችና «ጥሩ ነገር» አለች።

ችሎቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የሚያስቅ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ጊዜ እየሄደ ነው ብሎ ጥያቄውን ቀጠለ። ሰውዬውን ደረጃው ላይ አይታዋለች? አዎ። ሸሚዙ ላይ ደም ነበር? አዎ። እማማን የገፈተራቸው እሱ ነው? ጆሮ ይህን ለልጅቷ አላስተላለፈችም። ወደ ካሜራው ቀና ብላ «ክብርት ዳኛ፣ እንዲህ አድርጌ ከጠየቅኳት መልሱን ከወዲሁ ልነግርዎት እችላለሁ» አለች።

ጠበቃው ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። ንቁ ሰው ነው፤ የፈለገውን በር ጆሮ ከፍታለታለች። «እንግዲያው የእኔን ትጠይቃት። ተከሳሹ በዚያን ቀን ጭራሽ እዚያ ሕንፃ አልደረሰም?» ዳኛዋ ፈቀዱ፣ ጆሮም ሳትወድ ጠየቀች። ልጅቷ በዚያው ጨዋ ድምፅ «አዎ» አለች። ጠበቃው እጆቹን ዘርግቶ «ክብርት ዳኛ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ይህን ቃል ወዲያ እንበለው» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። ልጅቷን ሊያሰናብቱ መሆኑ ገባኝ፣ እጄንም ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ። በዚህ መሃል የቧንቧ ሠራተኛው ራሱ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ብድግ ብሎ ጮኸ። «ትናገር! እባካችሁ ልጅቷ ትናገር! እዚያ ቆማ ነበር፣ ሌላ ያየኝ ሰው የለም!» ጠበቃው እጅጌውን ይዞ ሊያስቀምጠው ታገለ። እኔ በበኩሌ ሰውዬውን ገና ሳየው ወንጀለኛ ነው ብዬ ፈርጄበት ነበር። አሁን ግን ክው አልኩ። የገፈተረ ሰው ያየችውን ልጅ ትናገር ብሎ ይለምናል እንዴ?

ዳኛዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጊዜ አለሽ» አሏት ጆሮን። «ካሜራው ግን አይጠፋም። የምታደርጊውን ሁሉ ሁላችንም እናያለን።»

ጆሮ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ወጥታ ከውጭ አንኳኳች። «ቲቸር፣ መግባት ይቻላል?» አለች አንገቷን ብቅ አድርጋ። ልጅቷ ወደ ኋላዋ ዞራ ቲቸሯን ፈለገች። ማንም የለም። «እርስዎን ነው ቲቸር። እኔ ተማሪ ነኝ፤ አርፍጄ ነው የመጣሁት።»

«ግቢ» አለች ልጅቷ በጣም ቀስ ብላ።

ጆሮ እግሯን አጣጥፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ከፍ ብላ ወንበሩ ላይ። መኪና ሣለችና «ቲቸር፣ ላም ሣልኩ» አለቻት። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ጆሮን አየች፣ «እሺ» አለች። ወፍ የለም! ሰማያዊውን ማርከር ቀይ ነው አለቻት፤ አሁንም እሺ። ጠበቃው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ጆሮ ጣቶቿን አውጥታ መቁጠር ጀመረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት...» የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። «አንድና አንድ ሲደመሩ ደግሞ አምስት። ጨረስኩ ቲቸር፤ ልጫወት ልሂድ?»

«አይደለም» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ምን አሉኝ ቲቸር?»

«ተሳስተሻል! ሁለት ነው! ሳትጨርሺ የት ትሄጃለሽ? ቁጭ በይና እንደገና ሥሪ!»

አቤት ያ ድምፅ! የትምህርት ቤቷ ቲቸር ቃል በቃል እንዲህ እንደምትል እርግጠኛ ነኝ። ችሎቱ በሳቅ ተሞላ፤ ዳኛዋም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጆሮ ግን አልሳቀችም። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። ተነሥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ጨዋታው አለቀ። አሁን እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ አንቺም ልጅ ነሽ። ስሳሳት ግን አሁንም እንደዚያው ነው የምትነግሪኝ። የተቀመጥነው አውቶቡስ ውስጥ ነው።»

ልጅቷ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከተተች። ዐቃቤ ሕጉ ጉሮሮውን ጠረገ። ጆሮ ጠበቀች፤ ይህን መጠበቅ ከእሷ በቀር የሚችልበት ሰው አላውቅም፤ እኔ ብሆን ሦስቴ እናገር ነበር።

«አውቶቡስ አይደለም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ክፍል ነው።»

«እማማ የወደቁ ቀን የሆነውን ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

«ገመድ እየዘለልኩ ነበር» አለች ልጅቷ። «አብሮኝ የሚይዝ ስለሌለ አንዱን ጫፍ የደረጃው ብረት ላይ አሰርኩት። ከዚያ እማዬ ጠራችኝ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ዐቃቤ ሕጉ ማይኩን ጎትቶ «ሰውዬውስ? ሰውዬውን ጠይቂያት!» አለ። ጆሮ ሰማች፤ እንዳልሰማ ሆነች።

«ገመዱን ሳልፈታው ገባሁ። እማማ ሲጮኹ ሰማሁ። ስወጣ ታች ወድቀዋል። ገመዱ ጫማቸው ላይ ነበር።» ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «ከጫማቸው ላይ አወጣሁት፤ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት።»

እናትየው ችሎት ውስጥ ሆና ይህን በስክሪን ታይ ነበር። ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ቀና ብላ ጆሮን አየቻት። አንጀቴን በላችው። ማንም ሰው በዚያች ሰዓት ልጅቷን እቅፍ አድርጎ «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» ይላት ነበር። ጆሮ ግን አትችልም። አንድ ደግ ቃል ከጣለችላት ጠበቃውም ዐቃቤ ሕጉም «ይኸው አባብላ አስነገረቻት» ይላሉ፤ ምስክርነቱም ገደል ይገባል። ጠረጴዛው ሥር እጇ እጇን ጨምቆ ሲይዝ በስክሪን አየሁት።

«ሰውዬውስ ምን ሲያደርግ አየሽው?» አለች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ።

«ከታች እየሮጠ መጣ። እማማን አቀፋቸው። አይዞዎት እማማ፣ አይዞዎት አላቸው። ከዚያ እሱም አለቀሰ።»

ጠበቃውም ሆነ ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ዳኛዋ አንገታቸውን ወደ እኔ ክፍል ሲያዞሩ ካሜራውን አጠፋሁ። ድምፁን ማጥፋት ግን ዘነጋሁ፤ ወይም እንደዘነጋሁ ይቆጠርልኝ። ልጅቷ «በእኔ ምክንያት ነው የወደቁት?» ስትላት ሰማሁ። እኔ ብሆን አይ ብዬ እገላገላት ነበር። ጆሮ «ገመዱን የተውሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «እማማ እንዲወድቁ ግን አልፈለግሽም። ሁለቱም እውነት ነው።» ከዚያ በኋላ የሰማሁት ለቅሶ ብቻ ነው፤ የሁለት ሰው ይሁን የአንድ ሰው መለየት አልቻልኩም።

ገመዱ ልጅቷ ካለችው ቦታ ተገኘ። ተበጥሶ ከደረጃው ብረት ጋር እንደታሰረ የቀረው ቁራጭም እስከዚያን ቀን ድረስ እዚያው ነበር፤ ስንት ሰው ብረቱን እየደገፈ ወጥቶ ወርዷል፣ ልብ ያለው ግን አልነበረም። ወጣቱ ተፈታ። እማማ ግን ከቂማቸው አልተፈቱም፤ ፍርድ ቤቱ ተታልሏል፣ የገፋኝ ሰው በልጅ ወሬ አመለጠ እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ይናገሩ ጀመር። በዚህ መሃል ልጅቷ ለእማማ ራሷ ልንገራቸው ብላ ተነሣች። እናትየው ፈርታ ጆሮን አብራቸው እንድትሄድ ለመነቻት፤ እኔ ደግሞ በአሮጌ መኪናዬ አደረስኳቸው። ማንም ግባ ሳይለኝ ተከትዬ ገባሁ፤ ጆሮ እሷ ናት ወይስ እኔ ነኝ ያሰኛል አንዳንዴ።

እማማ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የስፌት መኪናቸው በጨርቅ ተሸፍኗል። እናትየው ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ ልጅቷ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«እማማ፣ የወደቁት በእኔ ገመድ ነው። ያ ሰውዬ አልገፋዎትም።»

እማማ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። እናትየው ልትናገር ስትል ጆሮ ክንዷን ያዘቻት።

«ታዲያ ለፖሊሱ እሱ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?» አሉ እማማ።

«ፖሊሱ እማማ እሱ ነው ብለዋል አለኝ» አለች ልጅቷ። «ትልቅ ሰው አይዋሽም ብዬ አዎ አልኩት።»

የእማማ እጅ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ያዘ። አንዴ እናትየውን፣ አንዴ ጆሮን አዩ፤ የሚያግዛቸው ሰው እንደሚፈልጉ ዓይነት። ጆሮ ዝም ብላ ጠበቀቻቸው።

«እኔን ደግሞ ፖሊሶቹ ልጅቷ አይታዋለች አሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እንኳ ምኑም አይታወሰኝም ነበር። ስነቃ ሐኪም ቤት ነኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ልጅ ደግሞ አይዋሽም ብዬ አዎ አልኳቸው። ስደጋግመው ገፍቶ ሲጥለኝ በዐይኔ ያየሁ መሰለኝ።»

ጆሮ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ሁሉ ዓመት በስክሪን ሳያት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

እማማ ልጅቷን ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ጸጉሯንም ዳበሱት። ከዚያ ለማንም ባልሆነ ድምፅ «አይደለም ያለው እሱ ብቻ ነበር» አሉ። «እሱን ደግሞ ዐይኑን በጨው ያጠበ ውሸታም አልነው።»